«ተብሏል» ማስረጃ አይደለም

በግቢያችን ውስጥ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ተደጋግሞ የሚጠቀስ አንድ ምንጭ አለ፤ ስሙም «ተብሏል» ነው። ፈተናው ከዚህ ምዕራፍ ይወጣል ተብሏል፤ ይህ ቀመር ትክክል ነው ተብሏል፤ ማረጋገጫው ረዥም ስለ ሆነ ዝለሉት ተብሏል። ይህን ያለው ማን እንደ ሆነ፣ እንዴትስ እንዳወቀው የሚጠይቅ ተማሪ ቢነሣ ክፍሉ በሙሉ ዘወር ብሎ ያየዋል፤ ሰዓት የሚያባክን ነገረኛ ተደርጎም ይቈጠራል። እኛ ግን ነገረኛው ተማሪ ልክ ነው እንላለን። ለዚህ አሳባችን ምስክር አድርገን የምናቀርበውም ፈላስፋ ወይም የፖለቲካ ሰው አይደለም፤ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩም ይህ ነው፤

147,573,952,589,676,412,927

ሃያ አንድ አኃዝ አለው። የሚገኘውም በቀላል መንገድ ነው፤ 2ን ስድሳ ሰባት ጊዜ ደርድሮ ማባዛት፣ ከውጤቱም ላይ 1 መቀነስ፤ ሌላ ምሥጢር የለበትም። (መደርደሪያውን 67 የሒሳብ ሰዎች ርቢ ይሉታል፤ እኛም ከዚህ በኋላ እንዲሁ እንለዋለን።) ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ባልንጀሮቻችን የስንዴውን ተረት ሳይሰሙት አልቀሩም። በገበታው መጀመሪያ ቤት 1 ፍሬ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ እንዲህ እጥፍ እያደረጉ እስከ 64ኛው ቤት ቢሔዱ ድምሩ 18,446,744,073,709,551,615 ፍሬ ይሆናል። ለገበታው ሦስት ቤት ቢጨመርለትና 67 ቤት ቢኖረው ድምሩ በትክክል የኛው ቁጥር ነው። በስንዴው ፈንታ ጤፍ እናድርገው ብንል፣ አንድ ሺ ፍሬ ጤፍ ከግራም ሲሦ ብዙም ስለማይርቅ፣ ጠቅላላው ሃምሳ ቢሊዮን ቶን ግድም ይመጣል። አገራችን በዓመት የምታመርተው ጤፍ ጥቂት ሚሊዮን ቶን ነውና ያን ገበታ ለመሙላት በብዙ ሺ የሚቈጠር ዓመት ማረስ ያስፈልጋል። ይህን የጠቀስነው ለመጠኑ ብቻ ነው። ጉዳያችን ከመጠኑ ይልቅ ጠባዩ ነው።

እንደ 7ና እንደ 31 ያሉት ቁጥሮች ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም፤ ብቸኛ ቁጥሮች ይባላሉ። ሌሎቹ ይካፈላሉ። ከነዚህም አንዳንዶቹ አታላዮች ናቸው፤ 91 ሲያዩት ብቸኛ ይመስላል፣ ነገር ግን 7 ጊዜ 13 ነው። እንግዲህ ባለ ሃያ አንድ አኃዙ ቁጥራችን ከየትኛው ወገን ነው?

በ1644 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው) ፓሪስ ይኖር የነበረው መነኵሴ ማሪን መርሴን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጠ። ርቢው 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 ወይም 257 ሲሆን የሚገኘው ቁጥር ብቸኛ ነው፤ እስከ 257 ድረስ ከነዚህ በቀር ሌላ የለም አለ። የኛው 67 ከነዚህ አንዱ እንደ ሆነ ልብ ይሏል። መርሴን ተራ ሰው አልነበረም። ከዴካርትና ከፌርማ ጋር ይጻጻፍ ነበር፤ የዘመኑ ሊቃውንት ግኝት ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በእሱ ደብዳቤ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር ማን ይጠራጠራል? ስለዚህ «ተብሏል» ሥራውን ጀመረ። እንዲህ ያሉት ቁጥሮች እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ የመርሴን ቁጥሮች ይባላሉ።

ዝርዝሩ ግን ስሕተት ነበረበት፤ ያውም አምስት ስሕተት። 67ና 257 መግባት የማይገባቸው ገብተዋል፤ 61፣ 89ና 107 መግባት ሲገባቸው ቀርተዋል። 61 እንደ ቀረ በ1883 ያሳየው ኢቫን ፔርቩሺን የተባለ የሩስያ የገጠር ቄስ ነው። 89ኝና 107ን አሜሪካዊው ፓወርስ በ1911ና በ1914 ጨመራቸው። ዝርዝሩ ከዳር እስከ ዳር ተመርምሮ ያለቀው በ1947 ነው፤ ከታተመ ከ303 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህን ስንጽፍ በመርሴን ላይ ለመሳለቅ አይደለም። እሱ ራሱ ባለ 15 ወይም ባለ 20 አኃዝ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለይቶ ለማወቅ የዘመን ሁሉ ርዝመት እንደማይበቃ ጽፏል። የገመተ ሰው ነው፤ ግምቱም ብዙዎችን ለሥራ አነሣሥቷል። በኛ አስተያየት ጥፋቱ ያለው ግምቱን ተቀብሎ እንደ ተረጋገጠ ነገር ለተማሪው ባሳለፈው ሰው ላይ ነው። ግምት በአፍ ሲተላለፍ መጀመሪያ የሚረግፈው «ይመስለኛል» የምትለዋ ቃል ናት።

የ67ን ነገር በመጀመሪያ ያፈረሰው ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካ ነው፤ ዘመኑም 1876። አፈራረሱ አስገራሚ ስለ ሆነ ትንሽ እንቈይበት። ሉካ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ ነገር ግን ምን ምን እንደሚያካፍለው አላገኘም። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል የሚል አንባቢ ደብተሩን ያውጣ። ዘዴውን በ1930 አሜሪካዊው ሌመር ባስተካከለው መልክ እናቀርበዋለን። በ4 ጀምር። በራሱ አባዛውና 2 ቀንስ። የተገኘውን ለምትመረምረው ቁጥር አካፍልና ቀሪውን ብቻ ያዝ። ይህንኑ ከርቢው በ2 ላነሰ ጊዜ ያህል ደጋግም። መጨረሻው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ 0 ካልሆነ አይደለም። (ርቢው ራሱ ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር መሆን አለበት።) ቀሪን ብቻ ይዞ መሔድ ለኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሁሉ ዓመተ ዓለሙን ለ19 ገድፎ የተረፈውን መደብ ብሎ ይይዛል።

በርቢ 5 እንሞክረው፤ ቁጥሩ 31 ነው፤ መደጋገሙም ሦስት ጊዜ። ከ4 ተነሥተን 14 እናገኛለን፤ 14 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 194፣ ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8፤ 8 በራሱ 64፣ 2 ሲቀነስ 62፣ ቀሪው 0። ስለዚህ 31 ብቸኛ ነው። አሁን በርቢ 11 እንሞክር፤ ቁጥሩ 2047 ነው፤ መደጋገሙ ዘጠኝ ጊዜ። ቀሪዎቹ 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1877፣ 240፣ 282 እያሉ ይሔዱና መጨረሻው 1736 ይሆናል። 0 አይደለም፤ እንግዲያስ 2047 ብቸኛ አይደለም። ከነዚህ ቀሪዎች መካከል ግን አካፋዮቹ የታሉ? የሉም። 2047 የ23ና የ89 ብዜት መሆኑን ለማወቅ ሌላ ሥራ መሥራት ይጠይቃል። ሉካ በ67 ላይ የደረሰውም እዚህ ድረስ ነው። በሩ እንደሚከፈት አረጋገጠ፤ ቍልፉን ግን አላገኘም። ቍልፉ ሳይገኝ ሌላ 27 ዓመት አለፈ።

ኦክቶበር 31 ቀን 1903 የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስቦ ነበር። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ስለ ትልልቅ ቁጥሮች አካፋዮች እንዲናገር ተራው ደረሰ። የሒሳብ ታሪክ ጸሐፊው ኤሪክ ቴምፕል ቤል እንደ ተረከው፣ ኮል ወደ ሰሌዳው ሔደና አንድ ቃል ሳይናገር 2ን 67 ጊዜ አባዝቶ 1 ቀነሰ። ከዚያም ወደ ሰሌዳው ሌላ ወገን ተሻግሮ በጠመኔ ይህን ማባዛት ጀመረ፤

193,707,721 ጊዜ 761,838,257,287

ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ኮል አሁንም ሳይናገር ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ፤ ጉባዔውም አጨበጨበ። ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም ይባላል። ምን ብሎ ይጠይቅ?

ቤል በኋላ ይህን ለማግኘት ስንት ጊዜ ፈጀብህ ብሎ ቢጠይቀው «የሦስት ዓመት እሑዶች» ብሎ እንደ መለሰለት ይተረካል። ታሪኩ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትዕግሥት ነው የሚነገረው። እኛ ይህን አንቀበለውም፤ ምክንያታችንንም በቁጥር እናቀርባለን። የቁጥራችን አካፋይ የሆነ ማናቸውም ብቸኛ ቁጥር 1 ቢቀነስለት ለ134 (ለ67 እጥፍ ማለት ነው) ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። በ2047ም እንዲሁ ነው፤ 23ም 89ም 1 ሲቀነስላቸው ለ22 ይካፈላሉ። ከኮል ሁለት ቁጥሮች ትንሹ ከ134 ጀምሮ ቢቈጠር 1,445,580ኛው ላይ ይገኛል። ከነዚህ እጩዎች ግማሾቹ በሌላ ሕግ ይወድቃሉ እንበል፤ ወደ 720,000 ይቀራሉ። ለአንዱ አምስት ደቂቃ ብቻ ብንሰጠውና በየእሑዱ አሥር ሰዓት ብንሠራ ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጃል። ኮል የጨረሰው በሦስት ዓመት እሑዶች ከሆነ እንግዲያስ እጩዎቹን አንድ በአንድ አላንኳኳም። ቁጥሩ ከሌሎች ቁጥሮች ብዜት ጋር ያለውን የቀሪ ዝምድና እየመረመረ ብዙዎቹን በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ጣላቸው። ትዕግሥት ነበረው፤ ትዕግሥቱ ግን ዕውቀት ነበረበት። ሌሊቱን ሙሉ ደብተር ይዞ ሲያነበንብ ለሚያድር ባልንጀራችን ይህ ልዩነት እንዲሰማው እንፈልጋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ኮል ሦስት ዓመት የደከመበትን ማንም ተማሪ በሩብ ሰዓት ሊመረምረው ይችላል። ማባዛቱ ዘጠኝ ረድፍ ነው፤ አንዱ አኃዝ 0 ስለ ሆነ ስምንት ይቀራሉ። 7 ሦስት ጊዜ፣ 1 ሁለት ጊዜ ስለሚመላለሱ በእውነቱ የሚሠሩት በ2፣ በ3፣ በ7ና በ9 ማባዛት ብቻ ናቸው። (ለሚጀምር ሰው፣ የ7ቱ ረድፍ 5,332,867,801,009 ነው።) ለማግኘት ሊቅ ያስፈልጋል፤ ለመፍረድ ግን ከአራተኛ ክፍል ማባዛትና ከእርሳስ በቀር ምንም አያስፈልግም። በዚያ ሰሌዳ ፊት ፕሮፌሰሩና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው ሥልጣናቸው እኩል ነው። መርሴን «እመኑኝ» አለ፤ ኮል «አባዙት» አለ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከሁለቱ ወደ የትኛው መጠጋት እንዳለበት ለመናገር የምንፈራበት ምክንያት አይታየንም።

አንዳንዱ በዚህ ዘመን ማባዛቱ ለስልክና ለኮምፒዩተር ይተው ይለናል። መልካም። እንግዲያስ በተራ የሒሳብ መሥሪያ 2ን 67 ጊዜ አባዝቶ 1 ይቀንስ። ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን አኃዞች ብቻ አሳይተው የቀረውን በአጭር ምልክት ያልፉታል። ቢሮዎች ሁሉ ደመወዝ የሚሠሩበት ኤክሴል ደግሞ የሚይዘው 15 አኃዝ ስለ ሆነ 147,573,952,589,676,000,000 ብሎ ይጽፋል፤ የመጨረሻዎቹን ስድስት አኃዞች በዜሮ ሞልቶ ማለት ነው። 1 ቢቀነስም ባይቀነስም ለእሱ ለውጥ የለውም። የኛ ነገር ሁሉ ያለው ደግሞ በዚያች በምትቀነሰው 1 ላይ ነው! እርግጥ ሁሉንም አኃዝ የሚይዙ ፕሮግራሞች አሉ፤ መሣሪያውንም አንነቅፍም። ነገር ግን የቱ መሣሪያ የት ላይ እንደሚቈርጥ የማያውቅ ሰው ከመርሴን ወደ ማሽን ተሻገረ እንጂ ከ«ተብሏል» አልወጣም።

ሌላው ደግሞ ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማባዛት ቀላል፣ አካፋይን ማግኘት ከባድ መሆኑ በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን ለምሥጢር መጻፊያ አዋሉት። ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው ብዜቱ ለሁሉ ይገለጣል፤ ምሥጢሩን የሚፈታው ግን ሁለቱን የሚያውቅ ብቻ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት የሚተላለፈው የባንክና የደብዳቤ ምሥጢር ብዙው የተጠበቀው በዚህና ይህን በመሰለ ዘዴ ነው። በዚያው ዓመት ለፈተና የወጣውን ባለ 129 አኃዝ ቁጥር በ1994 በመቶ የሚቈጠሩ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮቻቸውን አስተባብረው ከፈሉት፤ በ2020 ደግሞ ባለ 250 አኃዝ ተከፈለ። ስለዚህ አንድ ቁጥር ምን ያህል እንደሚጸና ማወቅ የእያንዳንዳችንን ገንዘብ የሚነካ ጉዳይ ሆኗል። እንዲህም ሆኖ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቅም ባይኖረው ኖሮም ይህን ጽሑፍ እንጽፈው ነበር። ኮል በእነዚያ እሑዶች ስለ ባንክ አላሰበም።

ከባዱ ተቃውሞ የመምህራን ነው። የትምህርቱ ዝርዝር ረዥም፣ ሰዓቱ አጭር፣ ክፍሉ የተጨናነቀ ነው፤ ሁሉን ነገር እያረጋገጥን ብንሔድ መንፈቁ አይበቃንም ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ሁሉ ይረጋገጥ አላልንም። በሳምንት አንድ «ተብሏል» ተመርጦ በክፍል ውስጥ ይፈተሽ ነው የምንለው። ፈተናውም ይህን ይከተል። ዛሬ ትክክለኛውን መልስ ሸምድዶ የጻፈ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ መንገዱን ሁሉ በትክክል ሔዶ በመጨረሻው መደመር ላይ የተሰናከለ ዜሮ ይቀበላል። ይህ ፍርድ ከቀጠለ ተማሪው መንገዱን ለምን ይማራል? ነጥቡ ለማስረዳቱም ይሰጥ። ተማሪውም ከወቀሳ አያመልጥም፤ የአምናውን መልስ ገዝቶ የሚያጠና ሰው በመምህሩ ላይ ለማጕረምረም አፍ የለውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለካህናት ብቻ አይደለም፤ ጋውንና ባርኔጣም ጥምጣም ናቸው።

ማኅበራችን ደግሞ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። በተማሪዎች መዝናኛ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል፤ ጠመኔ ይቀመጥ። የሒሳብ ተማሪ ብቻ ሳይሆን የሕግም የእርሻም ተማሪ በየእሑዱ መጥቶ የሰማውን አንድ ነገር ይጻፍ፤ የቻለ ያረጋግጥ፤ የቻለ ያፍርስ። በመጀመሪያው እሑድ የኮል ብዜት ይሠራ። ይህን ገጽ ጨምሮ ማንም አይታመን፤ በጽሕፈት መኪና ሃያ አንድ አኃዝ ሲመታ አንዱ ሊዛባ ይችላል። ፈጣን መፈተሻ የሚፈልግ የቁጥሩን አኃዞች ይደምር፤ 109 መምጣት አለበት፣ ለ9 ሲካፈልም ቀሪው 1። የሁለቱ አካፋዮች አኃዞች ድምር 37ና 64 ነው፤ ቀሪያቸውም 1ና 1፤ 1 ጊዜ 1 ደግሞ 1። ይስማማል። ሁለት አኃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ግን ይህ መፈተሻ አይነቃባቸውም፤ ስለዚህ ማባዛቱ አይቀርም።

ማባዛቱን ጨርሶ ሌላ ለሚፈልግ ርቢ 1277 አለ። የሚገኘው ቁጥር 385 አኃዝ አለው። በሉካ መንገድ ሲመረመር ብቸኛ እንዳልሆነ ተረጋግጧል፤ እስከ 2024 ድረስ ግን በዓለም ላይ ካሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ አንድም አካፋይ ያገኘለት አልነበረም። ከመርሴን ቁጥሮች መካከል እንዲህ ሆነው ከቀሩት ትንሹ ይህ ነው፤ 67 በ1876 በነበረበት ቦታ ላይ ቆሟል። አካፋዩ 1 ሲቀነስለት ለ2554 መካፈል እንዳለበት ከወዲሁ ይታወቃል። ሰሌዳው ሲሰቀል በቀኝ ወገን ጥግ ላይ ይህን ቁጥር እንጽፈዋለን፤ እባካችሁ እንዳታጠፉት።